የእህቴ ኩላሊትና የጋሽ አስፋው ውሾች

ሰው ታሞ ኮሌጅ ይገባል? እኔ ገብቻለሁ። ላስ ቬጋስ ውስጥ የሚያውቁኝ ሐበሾች በሙሉ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ኮሌጅ የምማር ይመስላቸው ነበር። "ደሬ፣ መቼ ነው የምትመረቀው?" ይሉኛል። "ትንሽ ክሬዲት ቀርቶኛል" እላለሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬማ ለምርቃቴ የምትለብሰውን ቀሚስ ሳይቀር አሳይታኛለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እነዚያን ጠዋቶች የማሳልፈው የኩላሊት እጥበት ወንበር ላይ ተጋድሜ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ ደሜ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ታጥቦ፣ በሌላው ይመለሳል።

ደረጀ እባላለሁ። ያን ጊዜ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባለው ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የከሰዓት ሺፍት ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ኩላሊቶቼን የገደላቸው ለዓመታት ችላ ያልኩት የደም ግፊት ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ለምን ደበቅህ ትሉኝ ይሆናል። እኔ "አይዞህ" ማለት እንጂ "አይዞህ" መባል አልወድም። አባታችን ሲሞት እኔ አስራ ስድስት፣ እህቴ ሰናይት ስምንት ዓመቷ ነበር። ትምህርቴን ትቼ አሰላ አንድ ጋራዥ ገባሁና እሷን አስተማርኩ። ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላም በየዓመቱ የሷን ፎርም የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ በሰባተኛው ደረሳት። ሰው ስለ እኔ ሲያወራ "ደረጀ እኮ ለእህቱ ወንድምም አባትም ነው" ይላል። ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋል፤ አልዋሻችሁም።

መታመሜን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ራሷ ሰናይት ናት። ሁለተኛው ጋሽ አስፋው ናቸው። ጋሽ አስፋው ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ አሊያንቴ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከሁሉ ቀድመው አሜሪካ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ከዓይን ሐኪማቸው ሲወጡ እኔ ደግሞ ከጎረቤቱ የእጥበት ማዕከል ክንዴን በፋሻ አስሬ ስወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ክንዴን አዩ።

"ኮሌጁ ይሄ ነው?" አሉኝ።

ለማንም አላወሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጥበቱ አድክሞኝ ስወጣ በሩ ላይ መኪናቸውን አቁመው ይጠብቁኛል።

ሰናይት ካዚኖ ውስጥ የብላክጃክ ዲለር፣ ማለት ካርታ አዳይ ናት። መታመሜን ባወቀች በሳምንቱ "የእኔን ውሰድ" አለችኝ። ተቆጣሁ። ዝም ብላ ሄዳ ተመዘገበች። ወራት የፈጀ ምርመራ አደረጉላትና በሁሉም አለፈች። የኦፕሬሽኑ ቀጠሮ ለማክሰኞ ተቆረጠ። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ እሷ ሠርግ እንዳለባት ሴት ስትሯሯጥ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሆዷን የማያጠብቅ ቀሚስ ገዝታ እየሳቀች ስታሳየኝ፣ "ይቺ ልጅ ሳትነሳ ብትቀርስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። ከፍርሃቱ በላይ ደግሞ ኀፍረቱ ነበር። ያሳደግኳት ልጅ በቢላ ተከፍታ እኔ ልኖር? እምቢ እንዳልላት እልኸኛ ናት። ስለዚህ አሪፍ ዘዴ አገኘሁ። እኛ ሐበሾች ሰው እንዳይከፋው ብለን የምንዋሸውን ውሸት ታውቁት የለ?

ለኦፕሬሽኑ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር፤ ሐሙስ ከሰዓት ደወልኩላት።

"ሰንዬ፣ ከሆስፒታል ደውለውልኝ ነበር። የአንቺ ኩላሊት አልሆነም አሉ።"

"አልሆነም ማለት? ምን አገኙበት?"

"እንጃ። ብዙም አላብራሩም። የነገው የደም ቀጠሮም ተሰርዟል።"

ትጮሃለች፣ ትከራከራለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ድምጿ ሲመጣ የልጅነቷ ድምፅ ነበር።

"ይቅርታ፣ ደሬ" አለችኝ። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ዓርብ ጠዋት እጥበቱን እንደጨረስኩ የንቅለ ተከላውን ጉዳይ ለምታስተባብረው ነርስ ደወልኩ። ማሪሴል ትባላለች፤ ፊሊፒናዊት ናት፤ ለስላሳ ድምፅ አላት። ሐሳቤን እንደቀየርኩ፣ እህቴ ብትደውል ደግሞ "ኩላሊትሽ አልተስማማም" እንድትላት ለመንኳት።

"ስማኝ" አለች። "ለጋሽ ሐሳቡን ሲቀይር ምክንያቱን ደብቀን እንሸፍንለታለን። ያ የለጋሽ መብት ነው። አንተ ተቀባይ ነህ። ጤነኛ ሴት ላይ በሽታ እንድለጥፍባት ነው የምትጠይቀኝ?"

"ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።"

"ስለ ራሷ ጤና ከጠየቀችኝ እውነቱን እነግራታለሁ። ዛሬ ሁለታችሁም የመጨረሻውን ደም ልትሰጡ ቀጠሮ አላችሁ፤ የሁለታችሁን ደም አንድ ላይ ካላየነው ማክሰኞ ኦፕሬሽን የለም። ላቦራቶሪው እስከ አምስት ሰዓት ክፍት ነው። እስከዚያ ስምህን አልሰርዝም።" ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። "ይሄ ካለፈህ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን ቃል አልገባልህም" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ጋሽ አስፋው እንደወትሮው በሩ ላይ ነበሩ። እንደወትሮው ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ቬጋስ በሐምሌ ሲቀልጥ እንኳ ያንን ኮት አያወልቁም። መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ሞኝነቴን ተመልከቱ፣ በዘዴዬ እየኮራሁ ነገርኳቸው።

"ጋሼ፣ ነገሩን በሰላም ጨርሼዋለሁ። እሷም ሳይከፋት፣ እኔም ሳላስቀይማት።"

ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ ሰው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ እያለፋቸው፣ ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ ዘለሉት። ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ታጥፈው ቻይናታውን ገቡና አንድ ትንሽ የሾርባ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደረጉ።

"ውረድ።"

"ጋሼ፣ ደክሞኛል እኮ።"

"ውረድ አልኩህ። ዓርብ ነው፣ የጾም እናዛለን።"

የአትክልት ሾርባ አዘዙ። እኔ ፈሳሽ የምጠጣው ተለክቶ ስለሆነ ሳህኔን ዝም ብዬ አየው ጀመር። እሳቸውም ማንኪያውን አልነኩትም።

"እኔ አሜሪካ ስመጣ ምን እሠራ እንደነበር ነግሬህ አውቃለሁ?" አሉኝ።

"ተማሪ ነበርኩ ብለውኛል።"

"ተማሪ ነበርኩ። የምበላው ግን ከውሾች ነው" አሉና ፈገግ አሉ። "እንጀራዬ ማለቴ ነው። ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት የቀዶ ጥገና ምርምር ክፍል ነበረው። እዚያ የውሾች ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሐኪሞቹ የአንዱን ውሻ ኩላሊት አውጥተው ለሌላው ይተክላሉ። ያኔ ገና ሰው በሰው አካል ይኖራል ሲባል ብዙው ሐኪም ራሱ የሚስቅበት ዘመን ነው። መንትያ ለመንትያው ሰጥቶ ዳነ ይባላል፤ መንትያ የሌለውስ? ምን ይሁን?"

"መስፋቱ አስቸግሯቸው ነው?"

"ኧረ መስፋቱንማ እንደ ልብስ ሰፊ ነበር የሚችሉበት! በገባ በደቂቃው ኩላሊቱ ሽንት ያወጣል። ሐኪሞቹ ይጨባበጣሉ። ከዚያ ሰውነት ይነቃና 'ይሄ የእኔ አይደለም' ይላል። ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። በሳምንት በአስር ቀን ኩላሊቱ ይሞታል፤ ውሻውም ይከተላል። እኔ ነኝ ተሸክሜ የማወጣቸው።"

ሾርባው ላይ የነበረው እንፋሎት ጠፍቶ ነበር። እሳቸው ቀጠሉ።

"ሰውነት እንግዳውን እንዳይዋጋ የሚያባብል ክኒን መጣ። መድኃኒቱን እኛ አላገኘነውም፤ በየአገሩ እንደዚህ የሚሞክሩ ቤቶች ነበሩ፣ የእኛ ከእነሱ አንዱ ነው። ክኒኑን ለውሾቹ የሚሰጠው አለቃዬ ነበር። ሚስተር ሄንሪ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ። የመጀመሪያውን የክረምት ካፖርት የገዛልኝ እሱ ነው። አባቴ በለው። ክኒኑን ምግባቸው ውስጥ ይቀላቅላል፤ ውሾቹ ይበላሉ፤ 'ወስዷል' ብሎ መዝገቡ ላይ ይፈርማል። ውሾቹ ግን ይሞታሉ። ሐኪሞቹ መጠኑን ይጨምራሉ፣ ይሞታሉ። ይቀንሳሉ፣ ይሞታሉ።"

"ከዚያስ?"

"አንድ ቀን የውሾቹን ቤት ሳጥብ ከገለባው ሥር ክኒን አገኘሁ። በሌላው ቤትም። ምግቡን ልሰው ክኒኑን ይተፉታል፤ መራራ ነዋ! ሚስተር ሄንሪ ዓይኑ ደክሞ ኖሮ አያየውም። ገባህ? መድኃኒቱ አልሠራም እየተባለ ነው፣ ውሾቹ ግን መድኃኒቱን አልዋጡም።"

"ለሐኪሞቹ ነገሯቸው?"

ጋሽ አስፋው ጠረጴዛውን አዩ። "ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ" አሉ። "ምን ብዬ ልናገር? ካፖርት የገዛልኝን ሽማግሌ፣ በእንግዳ አፌ፣ 'ሥራውን አልሠራም' ብዬ ላዋርደው? ይሉኝታ! አገሬ ያሳደገኝ በሱ ነው። ክኒኑን እየለቀምኩ ኪሴ ከተትኩ። በዚያ ሦስት ሳምንት አራት ውሾች ሞቱ። አራቱንም እኔ ነኝ የተሸከምኳቸው። ከሞቱት በኋላ አንድ ቡኒ ውሻ ተተከለለት፤ ሌሎቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ እሱን ግን ጎበዜ አልኩት። በአምስተኛው ቀን ጎበዜ ምግብ አስጠላው። ያን ዕለት ወጣቱ ሐኪም ደረጃው ላይ ተቀምጦ 'ሊዘጉት ነው፣ ጥናቱ ሊቆም ነው' ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ሄጄ ኪሴን ሚስተር ሄንሪ ፊት አራገፍኩት።"

"ተቆጡ?"

"ቁጭ አለ። ክኒኖቹን ቆጠራቸው። 'ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ብቻህን የተሸከምከው እኔን ደካማ ነው ብለህ ነው?' አለኝ። እስከዛሬ እንደሱ ያለ ጥፊ ቀምሼ አላውቅም። ከዚያ ክንዴን ይዞ ራሱ ሐኪሞቹ ዘንድ ወሰደኝ። 'ጥፋቱ የዓይኔ ነው፣ ያገኘው ይሄ ልጅ ነው' አላቸው። ቀና ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ይዋረዳል ብዬ የፈራሁለት ሰውዬ ያን ቀን ከሁላቸውም በላይ ሆኖ ታየኝ።"

ቀጥለው የሆነውን ሲነግሩኝ ጀርባቸው ቀና አለ። ክኒን የማዋጥ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ። ዳቦ በሥጋ መረቅ ነክረው፣ ክኒኑን መሀሉ ቀብረው፣ ጠቅልለው፣ እንደ እኛ ጉርሻ በእጃቸው ለጎበዜ አፉ ውስጥ ያገቡለታል። አገጩን ይዘው፣ ጉሮሮውን እስኪውጥ እያሻሹ፣ "እኔ ልሙትልህ፣ ጎበዜ" እያሉ። ጎበዜ አስረኛውን ቀን አለፈ። ወሩን አለፈ። በረዶው ቀልጦ ሣሩ ላይ ሲሮጥ ዋናው ሐኪም ከሌላ ከተማ እንግዶች ይዞ መጣና አሳያቸው። ከዚያ ወደ ጋሽ አስፋው ዞሮ፣ "መድኃኒቱን እኛ አዘዝን፤ ያዋጠው እሱ ነው" አላቸው።

"ስሜ የትም ወረቀት ላይ የለም" አሉኝ። "አልከፋኝም። ዛሬ በአካል ንቅለ ተከላ የሚኖር ሰው ባየሁ ቁጥር ግን በዚህች ጣት ትንሽ ነክቼዋለሁ እላለሁ። ኩራቴ ነው፤ አልደብቀውም። እነዚያን አራቱንም አልደብቃቸውም።"

እኔ አሁንም ደረቅ ነበርኩ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ውሾች ናቸው። የእኔ እህቴ ናት" አልኳቸው።

"አዎ!" ብለው ጠረጴዛውን መቱት። አስተናጋጇ ዞራ አየችን። "ውሾቹን ማንም ፈቃዳችሁ ነው ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። እሷን ግን ጠየቋት። በገዛ አፏ እሺ አለች። አንተ ያንን አፍ ነው የዘጋኸው። ደግሞ ጤነኛዋን ልጅ 'በሽተኛ ነሽ' ብለህ ትተኛለህ? ተኝታ ያደረች ይመስልሃል?"

"ይቅርታ፣ ደሬ" ያለችው ድምፅ መጣብኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ካስር ይላል። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት። ዝግ ነው። ቀጠሮው የተሰረዘ ስለመሰላት ሥራ ገብታለች፤ ዲለር ደግሞ ስልኩን ሎከር ውስጥ ቆልፎ ነው ወለሉ ላይ የሚወጣው።

"እንሂድ" አልኩ። ጋሽ አስፋው ቀድመውኝ ተነስተዋል።

ካዚኖ የሚሠራ ሰው ካላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ጠረጴዛዎቹ ያለው መንገድ ራሱ አንድ ቀበሌ ነው። ከእጥበት በኋላ እግሬ ጭድ ይሆናል። ጋሽ አስፋው በጉልበታቸው፣ እኔ በድካሜ፣ አንዳችን ሌላውን ደግፈን ሰናይት ጠረጴዛ አጠገብ ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። አራት ሰዎች እየተጫወቱ ነው። ወለሉን የምትቆጣጠረው ሱፐርቫይዘር ልጠጋ ስል በእጇ ከለከለችኝ። ዲለር በጨዋታ መሀል ማነጋገር አይቻልም። "ብሬክ እስክትወጣ ጠብቅ" አለችኝ።

ቆምን። ሰናይት ቀና አለችና አየችን።

ያን ፊቷን መቼም አልረሳውም። አስቡት እስቲ፤ ወንድሟ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጎኑ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ ይዞ፣ ረግጦት በማያውቅ ቦታ፣ በሥራ ሰዓት መጥቶ ቆሟል። የእኛ ሰው እንዲህ ሆኖ የሚመጣው ለምንድነው? ለመርዶ ነዋ! እናታችን አሰላ ናት፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። አንዱን ካርታ ያለቦታው ገለበጠችው። ሱፐርቫይዘሯ መጥታ አስተካከለችላት። እኔ "አይደለም፣ አይደለም" እያልኩ በእጄ ምልክት ባደርግላትም ባሰባት። ከንፈሯን ነክሳ ማደሏን ቀጠለች።

ሃያ ደቂቃ! በመጨረሻ ተተኪዋ መጥታ ትከሻዋን ነካቻት። ሰናይት ዲለሮች ጠረጴዛ ሲለቁ እንደሚያደርጉት እጆቿን አጨብጭባ መዳፎቿን ገለጠች፤ ምንም አልያዝኩም፣ ምንም አልደበቅሁም ማለት ነው። ከዚያ እየሮጠች መጣች።

"እማዬ ናት፣ አይደል?"

"እማዬ ደህና ናት! ማንም አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። ቁማርተኛው ሁሉ ዞረ። እሷ አንዱን ማሽን ደገፍ ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። ጋሽ አስፋው ጀርባዬን በጣታቸው ገፋ አደረጉኝ።

"ሰንዬ፣ ኩላሊትሽ ደህና ነው" አልኳት። "ማንም ምንም አላገኘበትም። ሆስፒታሉም አልደወለም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።"

"ምን?"

"ፈርቼ ነው። አንቺን ቆርጠው ለእኔ ከሚሰጡኝ ብዬ..."

በጡጫ ደረቴን መታችኝ። ደግማ መታችኝ። "ሳለቅስ ነው ያደርኩት! ጠዋት ክሊኒክ ሄጄ ሽንት ሰጥቼ ነው ሥራ የገባሁት! ካንሰር ነው፣ ሊነግሩኝ አልፈለጉም ብዬ!"

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። እሷ ግን አልጨረሰችም።

"ጋራዥ ገብተህ ስታስተምረኝ እምቢ ብዬሃለሁ? ፎርሜን ስትሞላልኝ እምቢ ብዬሃለሁ? ሙሉ ዕድሜዬን ስትሰጠኝ እጄን ዘርግቼ ተቀብያለሁ። አንድ ቀን፣ ደሬ! አንድ ቀን እኔ ልስጥህ ስል ታስቸግረኛለህ? ሰጪ አንተ ብቻ ነህ ያለህ ማነው?"

"ላቦራቶሪው አምስት ሰዓት ይዘጋል" አሉ ጋሽ አስፋው። "ትደበድቢዋለሽ፣ መኪና ውስጥ።"

ሰናይት ዓይኗን ጠርጋ ቀጥታ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ሄደች። "ኧርሊ አውት፣ ቀድሜ መውጣት እፈልጋለሁ፣ አሁን" አለቻት በእንግሊዝኛ።

"ዓርብ ነው እኮ፣ ሰው የለኝም። ለምንድነው?"

"ለወንድሜ ኩላሊት ልሰጥ ነው። ያ ነው ወንድሜ፤ ኩላሊቶቹ አይሠሩም።"

እኔ ሁለት ዓመት የደበቅሁትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ካዚኖ መሀል ተናገረችው። ጣሪያው አልወደቀም። ሱፐርቫይዘሯ እኔን ከላይ እስከታች አየችኝና ስልክ አንስታ ተተኪ መፈለግ ጀመረች። ተተኪው ግን እንደ ሐሳባችን ቶሎ አልመጣም። ሰናይት ተመልሳ ጠረጴዛ ላይ ቆመች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ የእህቴን እጅ አየሁ። አሁን አንድም ካርታ አትስትም። ለካ እንዲህ ነው የምትሠራው! ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ናት። ያሳደግኳት ልጅ ሰው ሆና ኖሯል፣ እኔ ግን አሁንም እንደ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር የማያት።

ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ ተለቀቀች። ጋሽ አስፋው የመኪናቸውን ቁልፍ ሲያወጡ ከእጃቸው ወሰደችው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝ።"

"እኔ እኮ ሃምሳ ዓመት አንድ አደጋ ሳላደርስ..."

"እሱን አውቃለሁ ጋሼ። ዛሬ ግን መድረስ አለብን።"

የዓርብ ከሰዓቱ አይ-አስራ አምስት አውራ ጎዳና መኪና ብቻ ነበር። ሰናይት በአቋራጭ፣ በጎዳና፣ በመብራት እየተሹለከለከች ነዳችው። እኔ ሰዓቱን እየጠራሁ አስጨነቅኋት። ጋሽ አስፋው ከኋላ ሆነው በሹክሹክታ ይጸልያሉ፤ ስለ መንገዱ ይሁን ስለ መኪናቸው አላውቅም። ለአምስት ሰዓት አስራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰችን።

ማሪሴል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔን አልፋኝ ሄደች። ሰናይትን ግን "ለብቻሽ ላነጋግርሽ" ብላ ይዛት ገባችና በሩን ዘጋችው። ለጋሹን ሳያስገድዱ፣ ሰው በሌለበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ መጠየቅ ደንባቸው ነው። በሩ ተዘግቶ ቆየ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ከዚያ ሁሉ ውሸት በኋላ "አልሰጥም" ብትል ማን ይፈርድባታል? ሁለት ዓመት የገፋሁት ነገር ከበሩ ወዲያ ሲሆን፣ የቱን ያህል መኖር እንደምፈልግ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

በሩ ተከፈተ። ሰናይት እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ ወጣች።

"ማነው ደም የሚቀዳኝ?" አለች።

ሰኞ "ተስማምቷል" አሉን። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት አልጋ ጎን ለጎን ወሰዱን። ስነቃ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ የእህቴ ኩላሊት ደም እንደገባበት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ሽንት ማውጣት እንደጀመረ ነገረኝ። "እህቴስ?" አልኩት። "ከአንተ በፊት ነቅታ ምግብ ጠይቃለች" አለኝ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ አመመኝ።

ጋሽ አስፋው ቀኑን ሙሉ ከመቆያ ክፍሉ ንቅንቅ አላሉም ነበር። በማግስቱ ነርሷ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚያደርጉትን ክኒኖች ስታመጣልኝ እሳቸው አጠገቤ ነበሩ። "ጋሼ፣ ያ መድኃኒት ነው?" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "የልጅ ልጁ ነው" አሉ። ሐኪሙ ተማሪዎቹን ይዞ ሲመጣ ሰናይት ከክፍሏ መጥታ ነበርና፣ ከጋሼ የሰማችውን የጎበዜን ታሪክ ደረጃ በደረጃ ተረከችላቸው። ሐኪሙ ዞሮ የጋሼን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ተማሪዎቹም ተራ በተራ ጨበጧቸው። እኚያ ሽማግሌ ያን ቀን ከአልጋዬ ግርጌ ቆመው እንዴት እንዳማረባቸው ብታዩ! እኔም የታመምኩት ሰውዬ፣ ሁለቱንም የእኔ ናቸው ብዬ በኩራት ሞትኩ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነኝ። እህቴ ጤነኛ ናት፤ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ "የወንድሜ ፎርም" ትለዋለች። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመሀላችሁ ሰው እንዳይጨነቅ ብሎ የዋሸ ይኖራል። ፍቅር ነው ትላላችሁ፤ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ትዕቢት ነው። የምትወዱትን ሰው ደካማ አድርጋችሁ ታስቀምጡታላችሁ፤ መስጠት የሚያምርባችሁ እናንተ ብቻ ይመስላችኋል። መስጠት መልካም ነው፤ መቀበል ግን ወኔ ይጠይቃል፣ እኔ ያን ወኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

ወደ ሥራ ከተመለስኩ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ እንድናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። "ኮሌጅ አልተማርኩም" አልኩ። ሰው ሳቀ። "ኩላሊቴ ሞቶ ነበር፣ አሁን የምኖረው በእህቴ ነው" አልኩ ቀጥዬ። ሰናይትን አስነሳኋት። ጋሽ አስፋውን አስነሳኋቸው። እልልታው ቀለጠ።

መኪናዬ ጋ ስደርስ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ተከትሎኝ መጣ። ግራ ቀኙን አየ። በእንዲህ ያለ ሙቀት ረዥም እጅጌ ሸሚዝ ለብሷል።

"እኔ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው የምታጠበው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አስራ አንድ ወር ሆነኝ።"

"ለማን ነግረሃል?"

"ለማንም" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ "አሁን ለአንተ" አለኝ።

የመኪናዬን በር ከፈትኩለት።